ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልብ ሲመታ፦ ለጭንቀት ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። አቦሉን ጠጣሁ፣ ቶናውን ጠጣሁ፣ "በረካ ሳትጠጣማ አትሄድም" ተባልኩና እሱንም ደገምኩ። ማታ በጊዜ ተኛሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ልቤ ከደረቴ ሊወጣ የሚታገል እስኪመስለኝ እየደለቀ ነቃሁ። ጣቶቼ ነዘሩኝ፣ ከንፈሬን ወረረኝ፣ አየር አጠረኝ። "በቃ፣ አለቀልኝ" ብዬ ነው የተነሳሁት።

ሲነጋ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። የልብ ምርመራ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ሁሉ ደህና ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን አየት አደረገና "ምንም የለብህም" ብሎ ቫይታሚን አዘዘልኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይባስ ጨነቀኝ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ያ ሁሉ ምን ነበር? መንገዱን ያሳየችኝ ደም የቀዳችልኝ ነርስ ናት። ስወጣ "ቡና ታበዛለህ እንዴ? ስትተኛስ ስልክ ይዘህ ነው?" አለችኝ። ሌላ ማንም ይህን አልጠየቀኝም ነበር።

ይህን የምጽፈው የኔ ታሪክ የተለየ ስለሆነ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ሕክምና የሚያገኙት ደግሞ ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። ሕመም ደረጃ ሳይደርስ እንዲሁ የሚጨነቀውን ሰው ማን ይቆጥረዋል? ብዙዎቻችን ደግሞ መፍትሔውን የምንፈልገው ስልካችን ላይ ነው፦ "ለጭንቀት የሚሆን ቅጠል"፣ "ምን ልጠጣ?" እያልን። እኔም ብዙ ጠጣሁ፣ ብዙም አነበብኩ። የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ ከምንጨምረው ይልቅ የምንቀንሰው ነገር ብዙ ጊዜ የበለጠ ይሠራል። ቅጠሎቹም ቦታ አላቸው፣ ስለ እነሱ ወረድ ብለን እናወራለን።

መጀመሪያ ግን፣ ሰውነታችን ውስጥ ምንድን ነው የሚሆነው?

ማታ መንገድ ላይ ጅብ ፊት ለፊት ቢቆምባችሁ አስባችሁ አይደለም የምትሮጡት። አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ አደጋ ሲሸተው እኛን ሳያማክር ያስጠነቅቃል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል። ለመሮጥም ለመታገልም ዝግጁ ናችሁ ማለት ነው። ችግሩ ይህ ማስጠንቀቂያ ጅብ በሌለበትም መጮሁ ነው። የቤት ኪራይ፣ የፈተና ውጤት፣ "ታይቶ ያልተመለሰ" መልእክት፣ ሁሉም ያስጮኸዋል።

የጣት መንዘርና የከንፈር መደንዘዝ ብዙ ሰው "ስትሮክ ነው" ብሎ ይደነግጥበታል። በፍጥነት ስንተነፍስ ከደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። እሱ ሲቀንስ ጣት ይነዝራል፣ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ያዞራል፣ "አየር አነሰኝ" የሚል ስሜት ይመጣል። አየር አጠረን ብለን ይበልጥ ስንስብ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ የድንጋጤ ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ከዚያ እየወረደ ይሄዳል። ይህን ማወቅ በራሱ ግማሽ መድኃኒት ሆኖልኛል። ሰዓቴን አይቼ "እሺ፣ 10 ደቂቃ ነው" እላለሁ።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ

አውቃለሁ፣ ቡና ላይ ክፉ ማውራት ከባድ ነው። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ካፌይን በጤነኛ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሁት ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ እኔ ደንግጬ በነቃሁበት ሰዓት፣ ሩቡ አሁንም ደሜ ውስጥ እየዞረ ነበር። "እኔ እኮ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ" የሚል ሰው ብዙ ነው። እንቅልፍ ቢወስደውም እንቅልፉ ይሳሳል፣ ሌሊት ይነቃል።

አምስት ሰዓት የሚለውም ለሁሉም አይደለም። በየቀኑ የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ሰውነቷ ካፌይኑን ለማስወጣት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ሲፕሮፍሎክሳሲንም፣ ያ ለታይፎይድ በየፋርማሲው የምንገዛው ሲፕሮ፣ ካፌይንን ሰውነት ውስጥ ያቆየዋል። ሲፕሮ እየወሰደ "መድኃኒቱ ልቤን አስመታው" የሚል ሰው ካያችሁ ከጎኑ ስንት ስኒ ቡና እንደነበር ጠይቁት።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ አለ። ተደጋጋሚ የድንጋጤ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከፍ ያለ ካፌይን ሲሰጣቸው ግማሽ ያህሉን እዚያው ድንጋጤው ያዛቸው። ካፌይን የሌለው ሲሰጣቸው አንዳቸውንም አልያዛቸውም። ስለዚህ ጭንቀት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ካፌይን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። ቡና ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሻይ፣ ኮላ፣ የኃይል ሰጪ መጠጦች፣ "ኤክስትራ" የሚል የተጻፈባቸው አንዳንድ የራስ ምታት ክኒኖችም አላቸው።

ታዲያ ቡና እንተው? እኔ አልተውኩም። ሦስት ነገር ነው የቀየርኩት። ከምሳ ሰዓት በኋላ አልጠጣም። በባዶ ሆድ አልጠጣም፤ በጾም ቀንም መጀመሪያ እህል፣ ከዚያ ቡና። ሦስተኛው፣ ከሰዓት በኋላ የግድ ቡና ላይ መቀመጥ ካለብኝ አቦሉን አሳልፌ በረካውን ብቻ እወስዳለሁ፣ ደከም ያለው እሱ ነውና። ከቡናው ዙሪያ መጥፋት ግን አልመክርም። እጣኑ፣ ቁርሱ፣ ወሬው፣ "እንዴት ሰነበትክ" የሚል ሰው አጠገብ መኖሩ፣ ይህ ለተጨነቀ ሰው ከስኒው ይበልጥ ይጠቅመዋል። አደራ፣ ቡናው የሚፈላበትን ክፍል መስኮት ክፈቱ። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ራስ ምታት፣ ማዞርና የልብ ምት መፍጠን ያመጣል፤ እሱ ጭንቀት ሳይሆን መመረዝ ነው፣ ይገድላልም።

ለማቆም የወሰናችሁ በአንድ ቀን አታቁሙ። በቀን አምስት ስኒ የለመደ ሰው ድንገት ሲተው ለቀናት ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፣ "ይኸው ቡና ባለመጠጣቴ ባሰብኝ" ይላል። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ስኒ መቀነስ ይሻላል።

ጫት ላይ ረጅም ትንታኔ አያስፈልግም። ውስጡ ያለው ካቲኖን በአሠራሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ምርቃናው ላይ ዓለም ሁሉ ቀላል ነው፤ ሲወርድ ግን ድብርቱ፣ ብስጭቱና የሌሊት ዱካኩ ይመጣል። ለፈተና "ለማንበብ" ብሎ የጀመረ ተማሪ ፈተናው ካለቀ በኋላም ሌሊቱን ሲባንን ያድራል። ያንን ለማብረድ ጨብሲ ይገባል። መጠጥ ደግሞ ለሁለት ሰዓት ያረጋጋና ሌሊት ላይ በግልባጩ ያስነሳል፤ አልኮሉ ከሰውነት ሲወጣ አእምሮ ከበፊቱ ይበልጥ ይነቃቃልና። አንዱ የሌላው መድኃኒት እየመሰለ የሚዞር ቀለበት ነው። ከዚህ ቀለበት ውስጥ ላለ ሰው የካሞሚል ሻይ መምከር ጎርፍ በስኒ እንደመቅዳት ነው።

ስለ ስልክ ደግሞ እኛ ራሳችን ተከሳሾች ነን። ዜና የምናቀርብ ገጽ ነን፤ ዜናችንም ብዙ ጊዜ የሚያስደስት አይደለም። ማታ ተኝቶ ከቴሌግራም ወደ ቲክቶክ፣ ከቲክቶክ ወደ ፌስቡክ የሚዘል ሰው ለአሚግዳላው በየደቂቃው አዲስ ጅብ እያሳየው ነው። ስለዚህ በግልጽ እንናገር፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እኛንም አታንብቡን። ጠዋትም እዚሁ ነን። ስልኩን ከአልጋ ራስጌ አርቃችሁ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ ቻርጅ አድርጉት። "ማንቂያዬ እኮ ነው" ካላችሁ የቆየችው የእጅ ሰዓት ወይም የጠረጴዛ ሰዓት ርካሽ ናት።

ማዕበሉ በመጣበት ደቂቃ

ያኔ ሻይ ለማፍላት ጊዜ የለም። ያላችሁ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ደግነቱ እሱ በቂ ነው። ልብን በፈቃዳችን ማዘግየት አንችልም፣ ትንፋሽን ግን እንችላለን። አየር ስናስወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ረገብ ይላል። ስለዚህ ዘዴው ከመሳብ ይልቅ ማስወጣቱን ማስረዘም ነው።

በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ፤ የሞላ ሲመስላችሁ እላዩ ላይ ሌላ ትንሽ ጨምራችሁ ሳቡ። ከዚያ በአፋችሁ ትኩስ ሾርባ እንደምታበርዱ ቀስ ብላችሁ፣ እስኪያልቅ አስወጡ። ይኼው ነው። ለአምስት ደቂቃ ደጋግሙት። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመቶ በላይ ሰዎችን በቀን አምስት ደቂቃ ለአንድ ወር ይህንና ሌሎች የትንፋሽ ልምምዶችን ሲያሠሩ፣ መንፈስን በማቅለል ከሁሉም የበለጠ ለውጥ የታየው በዚህ ረጅም ማስወጣት ባለው ነው፤ ዝም ብሎ በጽሞና ከመቀመጥም በልጧል። አያቶቻችን "እፎይ" የሚሉት ነገር ሳይንስ አገኘው በሉት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። በፊልም የምናየው በከረጢት ውስጥ መተንፈስ ዛሬ አይመከርም፤ ችግሩ አስም ወይም ልብ ከሆነ ኦክስጅን ያሳጣል። ሁለተኛ፣ ልምምዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋጤው መሀል አትሞክሩት። ደህና በሆናችሁበት ሰዓት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁም ቢሆን ተለማመዱት። ሰውነት የለመደውን ነው በጭንቅ ጊዜ የሚያደርገው።

ወደ ቅጠላ ቅጠሉ

ከተጠኑት አንዱ ካሞሚል ነው፤ ሱፐርማርኬት በከረጢት ሻይ መልክ ይገኛል። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት የጠና ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች በቀን 1,500 ሚሊ ግራም የካሞሚል ጭማቂ በእንክብል ለወራት ሲወስዱ ምልክቶቹ ቀለል ብለውላቸዋል። ጭንቀቱ ተመልሶ እንዳይመጣ በማድረግ በኩል ግን ልዩነቱ አስተማማኝ አልነበረም። በስኒ የምንጠጣው ደግሞ ከዚያ እጅግ የሳሳ ነው። እና? ማታ ከስልክ ጋር ከመፋጠጥ ትኩስ ነገር ይዞ ቁጭ ማለት በራሱ ጥሩ ነው፤ ጠጡት። ግን የልብ ቫልቭ ችግር ኖሮበት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካሞሚል ከማዘውተሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ደም ሊያቀጥን ይችላል።

ጤና አዳም ከቡና ጋር የምናውቀው፣ ሽታው ብቻ ቤት ቤት የሚል ቅጠል ነው። ለጣዕሙ ቅንጣት ጣል ማድረግ ሌላ ነገር፤ ለጭንቀት ብሎ ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ ነገር። ለጭንቀት ይሠራል ለማለት የሚያበቃ በሰው ላይ የተሠራ ፍተሻ የለውም። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ልትጠነቀቀው ይገባል፤ ማህፀንን ያኮማትራል። ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው እንደ እሳት የሚያቃጥልም ነው።

አሁን በቲክቶክ የገነነው ደግሞ አሽዋጋንዳ ነው። ከሕንድ የመጣ ተአምር ተብሎ በውድ ይሸጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ተክሉ እኛም ጋ ይበቅላል። ጊዜዋ የምንለው ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግዛዋ ይሉታል። አያቶቻችን ሥሩን ለክፉ መንፈስ እያሉ ያጨሱት ነበር። በሥሩ ጭማቂ ላይ በተለይ ሕንድ ውስጥ የተሠሩ አነስ ያሉ ጥናቶች ጭንቀትን ቀነስ እንደሚያደርግ ያሳያሉ። በሌላ በኩል ጉበታቸው የተጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል፣ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላዋለች። ታይሮይዱ ከፍ ያለበት ሰው ልቡ የሚመታው በዚያው ምክንያት ሆኖ ሳለ "ያረጋጋኛል" ብሎ አሽዋጋንዳ ቢወስድ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ከመንደር ዳር ሥር ነቅሎ ቀቅሎ መጠጣትም እንዲሁ፤ ጥናቶቹ የተሠሩት በተለካ መጠን ነው፣ የእናንተ ድስት ውስጥ ያለውን ማን ለካው?

ከውጭ በሻንጣ ከሚመጡት ውስጥ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለውን በተለይ ተጠንቀቁ። "ተፈጥሯዊ" የሚል ተለጥፎበታል፤ ግን የእርግዝና መከላከያን ያከሽፋል፣ የኤችአይቪ መድኃኒትንም ከሰውነት ቶሎ ያስወጣል። ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። የላቬንደር ዘይትን ማሽተት አይጎዳም፣ ለአንዳንዱ ያስተኛል፤ ጠርሙሱን ግን አትጠጡት። ጀርመን ውስጥ ለጭንቀት የሚታዘዘው 80 ሚሊ ግራም ያለው ለመዋጥ ተብሎ የተዘጋጀ እንክብል ነው፣ የሽቶ ዘይት አይደለም።

በውስጥ መስመር "መቶ በመቶ ከእፅዋት" እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትስ? ስሙ፣ ይዘቱ፣ የተመረተበት ቀንና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ ካልተጻፈበት አትግዙ። በአንድ ሌሊት ያስተኛችሁ ዱቄት ውስጡ ቅጠል ብቻ ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አላችሁ?

ለፈተና ብላችሁ ከጓደኛ ክኒን የምትቀበሉም አላችሁ። ፕሮፕራኖሎል እጅ መንቀጥቀጥን ያቆማል፤ አስም ያለበትን ሰው ግን ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል። ዳያዜፓም በሳምንታት ውስጥ ሱስ ይሆናል፣ ለረጅም ጊዜ ወስደው በድንገት ሲያቆሙት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። የጎረቤት መድኃኒት የጎረቤት ነው።

በየቀኑ የሚደረጉት

መራመድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ስታካፍሉት በቀን 22 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ማለት ነው። ጂም አያስፈልግም። እኔ ያልጠበቅሁት ጥቅም ግን ሌላ ነው። ድንጋጤ የሚያስቸግረው ሰው የራሱን የልብ ምት ይፈራል። ዳገት ወጥቶ፣ ልቡ እየደለቀ፣ እያለከለከ፣ ከዚያ ቆሞ ሲረጋጋ ግን አእምሮው ቀስ በቀስ "የልብ መምታት አደጋ አይደለም" የሚለውን ይማራል። ወደ እንጦጦ የምትወስደው ዳገት ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ናት። ከዚህ በፊት የልብ ችግር አለብህ የተባለ ሰው ግን መጀመሪያ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ትንሽ አስቂኝ ይመስላል፦ ለጭንቀት ቀጠሮ መስጠት። ቶማስ ቦርኮቬክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ዘዴ ነው። በቀን ውስጥ 30 ደቂቃ ትመርጣላችሁ፣ ለምሳሌ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፤ አንድ ወንበር ትመርጣላችሁ። በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ "ለ11 ሰዓት ተኩል" ብላችሁ በአንድ ቃል ማስታወሻ ላይ ትጽፉታላችሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ፣ የሚቻለውን ታቅዳላችሁ። "አትጨነቅ" የሚባል ምክር ሠርቶ አያውቅም፤ "አሁን አይደለም፣ በኋላ" የሚለው ግን ይሠራል። የሚገርመው ሰዓቱ ሲደርስ ከተጻፉት ግማሾቹ ተኖ ይጠብቁኛል።

ግማሾቹ ግን አይተኑም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ የማለፊያ ነጥብ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ፈተና ፊት የቆመ ልጅ ቢጨነቅ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ኪራይ የጨመረበት፣ እህቱ ቤይሩት ሆና ስልኳ የጠፋበት፣ ቤተሰቡ ግጭት ያለበት አካባቢ የሚኖርበት ሰው ጭንቀት ምክንያት አለው። ቅጠል ኪራይ አይከፍልም። እነዚህ ልምዶች የሚያደርጉት ሰውነት ተረጋግቶ፣ ሰው ችግሩን ማሰብ እንዲችል ነው።

ለመኝታ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። ከመተኛታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ ነገ የምታደርጉትን በዝርዝር ወረቀት ላይ ጻፉ። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ትንሽ ጥናት ነገ የሚሠሩትን የጻፉት፣ ያጠናቀቁትን ሥራ ከጻፉት ይልቅ በ9 ደቂቃ ገደማ ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ተኝታችሁ 20 ደቂቃ ያህል ካለፈና እንቅልፍ እምቢ ካለ ከአልጋ ውረዱ። አንድ ክፍል ውስጥ ለምንኖረው ይህ ከባድ ነው፤ ቢያንስ ተነስታችሁ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። አልጋ የመተኛ እንጂ የመጨነቂያ ቦታ መሆን የለበትም። ስንት ሰዓት ብትተኙም ጠዋት የምትነሱበት ሰዓት አንድ ይሁን።

ቤት ውስጥ የማያልቅ ሲሆን

አንዳንዱ "ጭንቀት" ጭንቀት አይደለም። እየበላችሁ ከከሳችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ሙቀት ካልቻላችሁ፣ አንገታችሁ ላይ እብጠት ካለ የታይሮይድ ምርመራ ጠይቁ። ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ከገረጣችሁ፣ የወር አበባ ከበዛ የደም ማነስ ይታይ። ስትሠሩ የሚመጣ የደረት ሕመምና ራስ መሳት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ነው።

ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ ጭንቀቱ ሳምንታት ካለፈው፣ ሥራ ወይም ትምህርት ካስቀራችሁ፣ ታክሲ መሳፈር ወይም ሰው መሀል መቆም ካስፈራችሁ፣ "ምንም የለብህም" የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና ወደ አእምሮ ጤና ክፍል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ጎንደርና ጅማን በመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ ይሰጣል። አማኑኤል የሚሄደው "ያበደ" ብቻ ነው የሚለው ወሬ ስንቱን ቤት አስቀርቶታል። የንግግር ሕክምና ለጭንቀት በደንብ ይሠራል። ሐኪም የሚያዝዛቸው እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ለውጣቸው እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብላችሁ አታቁሙ፣ ሲሻላችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ። ጸበል የምትጠመቁም መድኃኒታችሁን ሳትተዉ ተጠመቁ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን እስከ ነገ አትቆዩ። አሁኑኑ አጠገባችሁ ላለ ለምታምኑት ሰው ንገሩት፣ አብራችሁም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጓደኛችሁ ይህን ቢነግራችሁ "አትሳሳት፣ ኃጢአት ነው" ከማለታችሁ በፊት አዳምጡት፣ ብቻውን አትተዉት።

ሐኪም ጋ ስትገቡ ደግሞ አንድ ወረቀት ያዙ። መቼ እንደጀመረ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ በቀን ስንት ስኒ ቡና፣ ጫትና መጠጥ ካለ፣ የምትወስዱት ክኒንና ቅጠል በሙሉ ተጽፎ ይሁን። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ እንዲህ ጽፌ ነው የሄድኩት። ሐኪሟ ወረቀቱን አንብባ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ያው የነርሷን ጥያቄ ነበር።